ሮድ አይላንድ፦ ከጣና የምታንስ ስቴት

ዲሲና አትላንታ ያሉ ወዳጆቼ «አሁን የት ነሽ?» ሲሉኝ ሮድ አይላንድ ካልኳቸው፣ ግማሾቹ ኒውዮርክ ያለው ሎንግ አይላንድ ይመስላቸዋል። የቀሩት ደግሞ ደሴት ላይ ብቻዬን የቀረሁ መስሏቸው ያዝኑልኛል። እስቲ ስለምኖርባት ስቴት ትንሽ ላውራችሁ።

ከቦስተን በስተደቡብ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በስፋት ከሃምሳዎቹ ስቴቶች የመጨረሻዋ ናት፤ የብሷ 2,700 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ጣና ላይ ብትዘረጋ ዙሪያውን ውኃ ይተርፋል። ሕዝቧ ግን 1.1 ሚሊዮን ገደማ ነው። ከጫፍ ጫፍ በአንድ ሰዓት ትነዳለች፤ የአገሩ ሰው ታዲያ ሃያ ደቂቃ ንጂ ሲባል «ስንቅ ልያዝ እንዴ?» እያለ ይቀልዳል። በታኅሣሥ 2023 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) የዋሽንግተን ድልድይ ወደ ዋና ከተማዋ ፕሮቪደንስ የሚያስገባው በኩል በድንገት ሲዘጋ ቀልዱ እውነት ሆነ። ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ ኢስት ፕሮቪደንስ መንገድ ላይ ተሰልፌ እንቅልፌን ስታገል የነጋብኝን ቀን እኔ ነኝ የማውቀው።

ፕሮቪደንስን የቆረቆራት ሮጀር ዊሊያምስ የሚባል ሰባኪ ነው፤ እሱ ራሱ የተባረረ ሰው ነበር። ማሳቹሴትስ ውስጥ ሆኖ «መንግሥት በሰው እምነት ውስጥ አይግባ፤ የነባሩን ሕዝብ መሬትም እንዲያው አትውሰዱ» ብሎ ስላስተማረ፣ እዚያ የሚገዙት አጥባቂ ፕሮቴስታንቶች ፒዩሪታኖቹ ከአገር ይውጣ ብለው ፈረዱበት። በ1636 መጀመሪያ ላይ፣ በዚያ በረዶ፣ በእግሩ ሸሸ። በሕይወት የተረፈው ነባሮቹ ሕዝቦች ስላስጠጉት ነው፤ ከተማውን የሠራበትን መሬት የሰጡትም የናራጋንሴት አለቆች ካኖኒከስና ሚያንቶኖሚ ናቸው። ከእሱ በኋላ ሌላ ቦታ በእምነታቸው የተነሣ ያልተፈለጉት ሁሉ ተከታትለው መጡ፤ አን ሀቺንሰን ከተከታዮቿ ጋር፣ ኩዌከሮች፣ አይሁዶች። ኒውፖርት ውስጥ በ1763 የተመረቀው ምኩራብ ዛሬም ቆሟል፤ በአሜሪካ ካሉት ሁሉ ዕድሜ ጠገቡ እሱ ነው።

አስጎብኚዎች ታሪኩን እዚህ ላይ ቢያቆሙት ደስ ይላቸዋል። ግን ከዚያችው ከኒውፖርትና ከብሪስቶል ወደብ መርከቦች ሩም የሚባለውን አረቄ ጭነው ወደ ምዕራብ አፍሪካ ይሄዱ ነበር፤ በሩሙ ሰው ገዝተው ወደ ካሪቢያን ያጓጉዛሉ፣ ከካሪቢያን ለሌላ ሩም መጥመቂያ የሚሆን ሞላሰስ ይዘው ይመለሳሉ። ከአሜሪካ ተነሥተው ለባሪያ ንግድ ከተጓዙት መርከቦች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የዚህች ትንሽ ስቴት ነበሩ። የእምነት ነፃነትና የሰው ንግድ በአንድ ወደብ! ይህን ስሰማ ብዙ ጊዜ አልተዋጠልኝም።

ጉዳዩ ግን ተዳፍኖ አልቀረም። በ1764 የተመሠረተው ብራውን ዩኒቨርሲቲ ስሙን ያገኘው ከብራውን ቤተሰብ ነው፤ ከቤተሰቡም በባሪያ ንግድ የተሳተፉ ነበሩበት። በ2001 የባሪያ ዝርያ የሆነችው ሩት ሲመንስ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሆነች። በ2003 አጥኚ ኮሚቴ አቋቋመች፣ በ2006 ዩኒቨርሲቲው የራሱን ጉድ በራሱ ሪፖርት አወጣ። ስቴቷም ይፋዊ ስሟ ላይ «ኤንድ ፕሮቪደንስ ፕላንቴሽንስ» የሚል ጭራ ነበራት፤ ፕላንቴሽን ሲባል ደግሞ ብዙ ሰው የሚታየው ባሪያ የሚሠራበት እርሻ ነው። ጭራው ይቆረጥ የሚለውን ሐሳብ ሕዝቡ በ2010 በድምፅ ጥሎት፣ በ2020 ተቀበለው።

ትምህርትን ካነሣሁ፣ ብራውንና የጥበብ ትምህርት ቤቱ ሪዝዲ አንድ ኮረብታ ላይ ጎን ለጎን ናቸው። ጠዋት ከአውቶቡስ ስወርድ፣ ቁመታቸውን የሚያህል ሸራና ካርቶን በነፋስ እየተንገላቱ ዳገቱን የሚወጡ ልጆች አያለሁ። የእኛን ቤት የሚነካው ግን የማኅበረሰብ ኮሌጁ ሲሲአርአይ ነው። በ2017 በወጣው ደንብ፣ ሃይስኩል ጨርሶ በቀጥታ የገባ የስቴቱ ልጅ መሥፈርቱን ካሟላ ሁለት ዓመት የትምህርት ክፍያ የለበትም። የፕሮቪደንስ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ግን ያሳስባሉ፤ ከመዳከማቸው የተነሣ ስቴቱ በ2019 አስተዳደሩን ከከተማው ወስዶታል። ለዚህ ነው ወላጁ ሁሉ ልጁን በፈተና የሚገባበት ክላሲካል ሃይስኩል ለማስገባት የሚሯሯጠው።

ወደ ምግቡ ስንመጣ፣ የስቴቷ ይፋዊ መጠጥ ኮፊ ሚልክ ነው፤ በ1993 በሕግ የጸደቀ! የምሠራበት ናርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) ያሉ አንዲት የጣሊያን ዘር እናት «የቡና አገር ሰው ነሽ፣ ቅመሺው» ብለው ቀዱልኝ። በጣም ጣፋጭ የቡና ሽሮፕ ነው፤ ማር ይመስል እየተጎተተ ብርጭቆው ግርጌ ይተኛል፣ ከዚያ ቀዝቃዛ ወተት ይደፋበትና በማንኪያ ይማታል። ጀበናችንን አስቤ ዝም አልኩ። ልጆቼ ግን ያለሱ ቁርስ አይበሉም።

የስቴቷ ወፍ ደግሞ ዶሮ ናት፤ ሮድ አይላንድ ሬድ። አገር ቤት ገጠር ያደገ ሳያውቃት አይቀርም፤ በግብርና ቢሮ በኩል ለገበሬው ስትታደል የኖረችው ቀይዋ የፈረንጅ ዶሮ ናት። እዚህ ሊትል ኮምፕተን የሚባለው ገጠር ነው ዘሯ የተገኘው፤ ሐውልትም ቆሞላታል። ለእናቴ በስልክ ብነግራት «ለዶሮ?» ብላ ስቃ ልትሞት።

በበጋ ቅዳሜ ማታ ፕሮቪደንስ መሀል ባለው ወንዝ ላይ በብረት ቅርጫት እንጨት የሚነድበት ዋተርፋየር የሚባል ትርዒት አለ፤ ከ1994 ጀምሮ ያለ ነው፣ መግቢያ አይከፈልበትም። እንግዳ ሲመጣብኝ የምወስደው እዚያ ነው።

ሕዝቡ የተደባለቀ ነው። ጣሊያኑ፣ ፖርቱጋሉና ኬፕቨርዴው ከጥንት የመጡ ናቸው፤ ላይቤሪያዎቹና ዶሚኒካኖቹ ኋላ ተጨመሩ። እኛ በጣት የምንቆጠር ነን። ስለዚህ ለመምጣት የምታስቡ ካላችሁ፦ ናርሲንግ ሆምና ሆስፒታል ሥራ አይጠፋም፤ ኪራይ ግን እንደ ድሮው ርካሽ አይደለም፣ የክረምቱ ማሞቂያም ኪስ ያራቁታል። ለበዓል ቅዳሴም ለእንጀራም ቦስተን ነው የምንሄደው። መኪና ለሌለው ባቡር አለ፤ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል፣ ቅዳሜና እሑድ ግን ምልልሱ ስለሚቀንስ ሰዓቱን አይታችሁ ውጡ።