ለዕይታ ወጥተው የተመለሱት

የቤት ዕቃን የሚያስረጀው አገልግሎት ነው ሲባል እሰማለሁ። ከአንድ አዳራሽ ዕይታ የተመለሱልኝን የዋንዛ ጠረጴዛና የጅማ በርጩማ ሳገላብጥ ግን ነገሩ ተቃራኒው መሰለኝ። ቤት ውስጥ ያለ ዕቃ ባለቤት አለው፤ ውሃ ሲፈስበት የሚጠርግለት፣ ሲነቃነቅ የሚያስጠግነው ሰው አያጣም። አዳራሽ ውስጥ ሁሉም ያየዋል፣ ሁሉም ይነካካዋል፣ የሚጠብቀው ግን የለም።

በእጄ የሠራሁት ጠረጴዛ ላይ የአበባ ማስቀመጫ አኑረውበት ስለ ነበር መሐሉ ላይ ነጭ ክብ ወጥቶበታል። የቀባሁት ጎማላካ ነው፤ ከነፍሳት የሚገኝ፣ በአልኮል የሚሟሟ፣ ለዓይን የሚያምር፣ ውሃና ሙቀትን ግን የማይችል ቅብ ነው። ደግነቱ ምልክቱ ነጭ መሆኑ እርጥበቱ ቅቡ ውስጥ እንደ ቀረና እንጨቱ ዘንድ እንዳልደረሰ ያሳያል። በአልኮል በጥቂቱ ያራስሁትን የጥጥ ጨርቅ ሳላሳርፍ ቶሎ ቶሎ ሳሳልፍበት ቅቡ ለስልሶ እርጥበቱን ለቀቀ፣ ክቡም ጠፋ። ጨርቁ ለአፍታ ቢያርፍ ቅቡን ገፎት ይነሣ ነበር።

ማዕዘኑ ላይ የሰረጎደው ቦታ ያስፈራ እንጂ የቀለለው ሥራ እሱ ነበር። የእንጨቱ ቃጫ ተጨፍልቆ እንጂ ተቆርጦ ስላልነበር፣ በቦታው ያለውን ቅብ ፍቄ እርጥብ ጨርቅ አልብሼ በጋለ ካውያ ስጫነው እንፋሎቱ አሳብጦ አነሣው። እግሩ ግን አደከመኝ። ዕቃ የሚያጓጉዙ ሰዎች ጠረጴዛን አንሥተው መውሰድ ሲገባቸው ይጎትቱታል፤ መጋጠሚያው የላላው በዚሁ ነው። ነጩ ኮላ ከደረቀ በኋላ በላዩ የሚጨመረውን አዲስ ኮላ በወጉ አይዝም፤ ስለዚህ አሮጌውን እስከ እንጨቱ ድረስ በመሮ ጠርጌ እንደገና አጣብቄ በሞርሳ አሰርሁት።

ተሰንጥቆ ስለ ተመለሰው በርጩማ ስጠይቅ ከአዘጋጆቹ አንዱ «እንጨት አይደል እንዴ፣ ቢሰነጠቅ ምን ይደንቃል?» አለኝ። መልሱ አላስቆጣኝም ብል ዋሽቼ ይሆናል፤ ግማሹ እውነት መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። አዳማና ጅማ ሁለቱም ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 እስከ 1,800 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ቢገኙም የጅማ ዝናብ ከእኛው ከአዳማ በእጅጉ ይበልጣል። በዚያ እርጥበት ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የወጣ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ወደ ስምጥ ሸለቆው ደረቅ ነፋስ ሲመጣ እርጥበቱን ያጣል። እንጨት ደግሞ በቁመቱ የሚያጥረው እጅግ ጥቂት ሲሆን፣ በዕድገት ክቦቹ ዙሪያ የሚኮማተረው ከመሐል ወደ ውጭ ከሚኮማተረው በአማካይ እጥፍ ያህል ነው። ከአንድ ግንድ የወጣ ዕቃ ወደ መሐሉ የሚሰነጠቀው ስለዚህ ነው። ይህን ሁሉ አውቀን ነው በርጩማውን ከነፋስና ከፀሐይ የምንጠብቀው፤ እነሱ ያኖሩት ግን የከሰዓት ፀሐይ በቀጥታ በሚገባበት መስኮት ሥር ነው።

አብሮኝ የሚሠራው ወጣት ስንጥቁን አይቶ «ጋሼ፣ ስቱኮ ልሙላበት?» አለኝ። ከለከልሁት። ክረምት ሲገባ አየሩ ይረጥባል፣ እንጨቱም ያብጣል፣ ስንጥቁም ይጠባል፤ ያን ጊዜ የደረቀ ስቱኮ መሐሉ ከተገኘ እንደ ሽብልቅ ሆኖ በሌላ በኩል ይሰነጥቀዋል። ስንጥቅን ቶሎ መድፈን ገዢን ማታለል ነው የሚል አቋም አለኝ፤ ብዙ ባልደረቦቼ ግን በዚህ አይስማሙም።

ጠረጴዛው ላይ ስሜ የተጻፈበት ካርድ የነበረበት ቦታ ደግሞ አራት ማዕዘን ሆኖ ቀርቷል፤ ብርሃን ያገኘውና ያላገኘው እንጨት ቀለሙ ተለያይቷል። ይህን በቀለም ማመሳሰል ስለማልወድ ብርሃን በእኩል በሚያገኝበት ቦታ ትቼዋለሁ።

ከእንግዲህ ዕቃዬን ለዕይታ ስሰጥ ፎቶውን አንሥቼ ተቀባዩን አስፈርማለሁ፤ መስኮት ሥር እንዳይቀመጥ፣ ውሃ ያለበት ነገር እንዳይጫንበት፣ ሲነሣም በሁለት ሰው ከሥሩ እንዲያዝ በጽሑፍ እጠይቃለሁ። በርጩማውን እስከ ነሐሴ አልነካውም፤ ስንጥቁ ምን ያህል እንደ ጠበበ ከለካሁ በኋላ ስንጥቁ ውስጥ የሚገባ ቁራጭ እንጨት ያስፈልገው እንደሆነ እወስናለሁ።