ብርድ የሚሹ አበቦች

ቱሊፕን፣ ናርሲስንና ሃያሲንትን ከዘር ይልቅ ሽንኩርት ከሚመስለው ራሳቸው መትከል ይመረጣል፤ ከዘር የተነሣ ቱሊፕ እስኪያብብ ዓመታት ይፈጃልና። በመትከያው ወቅት አንድ ጤነኛ የቱሊፕ ራስ ከላይ ወደ ታች ለሁለት ቢሰነጠቅ፣ በነጫጭና ወፋፍራም ልጦቹ መካከል የመጪው ጊዜ አበባ ገና በጥቃቅኑ ተሠርቶ ይታያል።

ቱሊፕ አገዳው በደንብ እንዲረዝም ከ12 እስከ 16 ሳምንታት ያህል ከ9 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች መቆየት ስላለበት፣ ብርዱ ሊገባ ሲል፣ የራሱን ቁመት ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ በሚያህል ጥልቀት፣ ሹል ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ ይቀበራል። ብርዱ በማይበረታበት ስፍራ ራሶቹን አስቀድሞ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማቆየት ይቻላል፤ ሆኖም ከፖም ጋር አብረው ከተቀመጡ፣ ከፍሬው የሚወጣው ኤቲሊን የተባለ ጋዝ በውስጣቸው ያለውን አበባ ያመክነዋል። ውኃ የሚያቁር አፈር ደግሞ ያበሰብሳቸዋል።

አበባው ከረገፈ በኋላ ለግቢው ውበት ሲባል ቅጠሉን ማጨድ ወይም መጎንጎን እኔ ፈጽሞ የማልደግፈው ልማድ ነው። ቅጠሉ ቢጫ እስኪሆን ድረስ የሚያዘጋጀው ምግብ ለቀጣዩ ዓመት ስንቅ እንዲሆን ወደ ራሱ ስለሚወርድ፣ መደቡ ለጥቂት ሳምንታት ቢዝረከረክም መታገሥ ይገባል።

አይጥ በሚያስቸግርበት ጓሮ ከቱሊፕ ይልቅ ናርሲስን አስቀድማለሁ፤ ላይኮሪን የተባለ መርዝ ስላለው አይጥ አብዛኛውን ጊዜ አይነካውም። በዚሁ ምክንያት ግን ራሱን ከወጥ ቤት ሽንኩርት አርቆ ማስቀመጥ ግድ ነው።