በሩ በየት በኩል ይሁን?

ክረምቱ ነው መሰለኝ፣ ቀኑን ሙሉ ሆዴን ባር ባር ሲለው ዋለ። ማታ ደግሞ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ እኔ ለአረጋውያን መርጃ ማኅበራችን ቢሮ እንዲሆኑ ያየናቸውን የኪራይ ክፍሎች በሐሳቤ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ።

የቀሩን ሁለት ናቸው። አንዱ መገናኛ፣ ሕንፃ ላይ፣ አራተኛ ፎቅ ነው። ለበጎ ፈቃደኞቻችን ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም። ታክሲው ከየአቅጣጫው እዚያ ያራግፋል፤ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚመላለሰው ባቡርም በዚያው ያልፋል። ከሥራ ወጥተው፣ ደክሟቸው ለሚመጡት ልጆች ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ሊፍትም አለው። መብራት ሲጠፋ ግን ሊፍቱ እንደሚቆም የነገረን ጥበቃው ነው እንጂ ደላላው አይደለም። ሌላው ስድስት ኪሎ፣ የድሮ ግቢ ውስጥ፣ አንድ ክፍል ከነዕቃ ቤቱ። ግድግዳው ቀለም ይፈልጋል። ግን ደረጃ የለውም። ዊልቸር እስከ ሽንት ቤቱ ድረስ ይገባል፤ የበሩን ስፋት በስንዝሬ ለክቼዋለሁ።

ሁለቱም የስድስት ወር ቅድሚያ ይላሉ። የሕንፃው ዋጋ ከቫት በፊት የተጠራ ነው፤ 15 በመቶው ሲጨመርበት ሌላ ዋጋ ይሆናል። የደላላው አለ። ውል ማስመዝገቡ አለ። አድራሻ መቀየራችንን ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ማሳወቅ አለ። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 የአስተዳደር ወጪ ከገቢያችን 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል፤ የቢሮ ኪራይ ደግሞ የሚቆጠረው እዚያ ውስጥ ነው። በቀድሞው አዋጅ 30 ነበር። ጣሪያው መውረዱን እወደዋለሁ። ደመወዝተኛ ስለሌለን ከአስተዳደር ወጪያችን ትልቁ ኪራይ ነው፤ እያንዳንዱ ብር የማን ዳይፐር፣ የማን የደም ግፊት መድኃኒት ሊሆን ይችል እንደነበር በስም እናውቃለን።

ይሄን ሁሉ ሒሳብ ገንዘብ ያዣችን ከእኔ በተሻለ ትሠራዋለች። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ሊቀመንበራችን ስንለያይ ያነሳው የታፔላ ነገር ነው። «መንገድ ላይ የሚታይ ታፔላ ያስፈልገናል» አለ። እውነቱን ነው። ሰው በስልክ ብቻ ለሚያውቀው ማኅበር ገንዘቡን አይሰጥም። በር ማየት ይፈልጋል፣ ማኅተም ማየት ይፈልጋል። ሁሉም አዎ አሉ። እኔ ግን እማማ ጠ. ትዝ አሉኝ።

እማማ ጠ. ጤፉን በዘንቢል፣ ላዩን በነጠላ ሸፍነን እንድናመጣላቸው ነው የሚፈልጉት። ቀን ላይ አይወዱም። ሲመሻሽ ነው። ጎረቤት ከጠየቀ የእህቴ ልጆች ናቸው ይላሉ። በደህናው ጊዜ ግቢያቸው ድንኳን የሚጣልበት፣ የሰንበቴ ዳቦ የሚደፋበት ቤት ነበር። እኚህ ሴት «ደጋፊ የሌላቸው አረጋውያን መርጃ» የሚል ታፔላ ሥር፣ ሰው እያያቸው ይገባሉ? ቢርባቸው እንኳ አይገቡም። አውቃቸዋለሁ።

እንግዲህ በሩ ለማን ነው የሚታየው? ለሚሰጠው ነው ወይስ ለሚቀበለው? ለሰጪው በደንብ በታየ ቁጥር ተቀባዩ ይሸሸዋል። የቢሮውን ስፋትና ኪራይ ስናወዳድር ይሄን ማንም አላነሳውም።

ከዚያ እድርን ማሰብ ጀመርኩ። እድር ቤት ሲገባ የሚያፍር ሰው አይቼ አላውቅም። ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ገንዘቡን ሲቀበል ቀና ብሎ ነው። ለምን? በየወሩ ስለከፈለ። መብቱን ነው የሚወስደው። የጽዋ ማኅበርም እንደዚያው ነው። ከቤት ቤት ይዞራል፣ ቢሮ የለው፣ ታፔላ የለው። የዛሬው ተጋባዥ የሚቀጥለው ወር ደጋሽ ነው። የእኛ ማኅበር ግን አንዱ ሁልጊዜ ሰጪ፣ ሌላው ሁልጊዜ ተቀባይ ነው። ምናልባት ችግሩ በሩ ላይ አይደለም።

አበበች ጎበናም ትዝ አሉኝ፤ ነፍሳቸውን ይማርና በ2013 ነው ያረፉት። ግሸን ማርያም ሊሳለሙ ሄደው፣ ወሎ ላይ ረሃቡን አይተው፣ ሁለት ሕጻናት ይዘው ነው ወደ አዲስ አበባ የተመለሱት። ያስገቧቸው ወደ ገዛ ቤታቸው ነው። እነዚያ ልጆች የሰው ቤት በር ነው ያለፉት፤ ተረጂ ሆነው ታፔላ ሥር አልገቡም። ማኅበር ሲያድግ ቤት መሆኑን ትቶ ቢሮ መሆኑ ግዴታ ነው? ፈቃድ ይፈልጋል፣ ኦዲት ይፈልጋል፣ ፋይል የሚቀመጥበት መደርደሪያ ይፈልጋል። ይገባኛል። ግን እናቶች ቡና አፍልተው የሚቀመጡበት ጥግ ከመደርደሪያው ያነሰ አስፈላጊ አይመስለኝም።

አንድ ጊዜ እማማ ጠ. ስለ በጎ ፈቃደኞቻችን «ልጆቹን ፈትል ላስተምራቸውና የእኔም እጅ ይኑርበት» ብለውኝ ነበር። ያኔ ፈገግ ብዬ ያለፍኩት ነገር ዛሬ ሌሊት ሌላ ሆኖ ታየኝ። ክፍያዬን ልክፈል ማለታቸው ነበር። የስድስት ኪሎው ግቢ ለዚህ ይሆናል። ፀሐይ የሚሞቅበት አጥር ሥር አለ። እንዝርት ይዘው ይቀመጣሉ፤ አላፊ አግዳሚው ካየም የሚያየው የሚሠሩ ሴቶችን ነው።

ግን ስንት ዓመት ይቆያል ያ ግቢ? ፒያሳና ካዛንቺስ ለልማት ሲፈርሱ አይተናል። ከምንጠይቃቸው እናቶች ከካዛንቺስ ተነስተው ገላን ጉራ የገቡ አሉ። ለእነሱ ስድስት ኪሎም መገናኛም ሩቅ ነው። አንዳንዴ የኪራዩን ገንዘብ ለታክሲ አድርገን እኛው በየቤታቸው ብንዞር ይሻላል እላለሁ። ያኔ ደግሞ እማማ ጠ. እንደገና ብቻቸውን፣ እንደገና ሲመሻሽ በር የሚከፍቱ ይሆናሉ።

ደላላው መልስ ይጠብቃል። እኔ ግን ቀድሜ እሳቸውን ልጠይቅ አስቤያለሁ። የሚሉኝን ከአሁኑ አውቀዋለሁ፦ «ለእናንተ የተመቸ ለእኔም ይመቸኛል፣ ልጄ።» እንዲህ የሚልን ሰው የልቡን እንዴት አድርጎ ነው የሚጠይቁት?