ለምትጠይቁ ወዳጆቼ፣ እንኳን አደረሳችሁ

ውድ ወዳጆቼ፣ እንኳን ለትንሣኤ በዓል በሰላም አደረሳችሁ! በዓሉን የማታከብሩ ወዳጆቼም ሰላምና ጤና ይብዛላችሁ።

ዘንድሮ መልእክቴን በተለይ ለአንድ ዓይነት ሰው ልጽፈው ወደድኩ። ሁሉም «በእውነት ተነሥቷል» ሲል አብሮ ለሚል፣ በልቡ ግን «እውነት ይሆን እንዴ?» የሚል ጥያቄ ለሚመላለስበት ሰው። ይህ ሰው ጥያቄውን ለማንም አልተናገረም። ቢናገር ምን እንደሚባል ያውቀዋል። «እምነትህ ደክሟል»፣ «መጽሐፍ አበዛህ»፣ «ሰይጣን ነው፣ ጸልይ»። ስለዚህ ዝም ይላል። እኔ ደግሞ ዛሬ ከአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት አንዱ ስለሆነው ስለ ቶማስ ላጫውተው እፈልጋለሁ።

የቶማስ ስም ሲነሳ አብሮ የሚነሳው መጠራጠሩ ብቻ ነው። ይሄ ይቆጨኛል። አልዓዛር ታሞ ጌታ ወደ ይሁዳ አገር እንመለስ ሲል ደቀ መዛሙርቱ ፈርተው ነበር፤ በዚያ በድንጋይ ሊወግሩት ፈልገው ነበርና። «ከእርሱ ጋር እንሞት ዘንድ እኛም እንሂድ» ያለው ማን ነው? ቶማስ። በመጨረሻው እራት ሌሊትም «ወዴት እንደምትሄድ አናውቅም፤ እንዴትስ መንገዱን እናውቃለን?» ብሎ የጠየቀው እሱ ነው። «እኔ መንገድና እውነት ሕይወትም ነኝ» የሚለው ቃል ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። ስንቶቻችን በዚህ ቃል ተጽናንተናል! ጥያቄውን ያቀረበልንን ሰው ግን እናማዋለን።

በትንሣኤው ዜናም ቢሆን ከሌሎቹ ያን ያህል አልተለየም። ሴቶቹ ከመቃብሩ ተመልሰው ሲናገሩ ሐዋርያቱ ወሬው ቅዠት መስሏቸው ነበር። ጌታ ለእነሱ ሲገለጥ እጆቹንና ጎኑን አሳያቸው። ቶማስ ያን ጊዜ አብሯቸው አልነበረም። በኋላ ሲነግሩት የጠየቀው እነሱ ያዩትን ለማየት ነው፤ አዎ፣ ጣቴን በቁስሉ ካላገባሁ አላምንም ማለቱ ትንሽ ጠንከር ይላል። ቢሆንም ምን ቢያገኝ እንደሚያምን በግልጽ ተናግሯል። ለእኔ ሐቀኛ ጥርጣሬ ማለት ይሄ ነው። መልስ ቢያገኝም ላለመስማት አስቀድሞ የወሰነ ሰው ግን እየጠየቀ አይደለም። እየተከራከረ ነው።

ከዚህ ሁሉ አብልጦ የሚገርመኝ ስምንቱ ቀን ነው። ቶማስ «አላምንም» ካለ በኋላ ስምንት ቀን አለፈ። ከዚያ ወንጌላዊው ዮሐንስ ሲተርክ ደቀ መዛሙርቱ ዳግመኛ በውስጥ ነበሩ፣ ቶማስም ከእነርሱ ጋር ነበረ ይላል። ከእነርሱ ጋር! እነሱ አይተዋል፣ እሱ አላየም። እነሱ ደስ ብሏቸዋል፣ እሱ ከጥያቄው ጋር ነው። ግን አላባረሩትም። እሱም ጥሏቸው አልሄደም። ጌታ ሲመጣ ያገኘው እዚያው ቤት ውስጥ ነው። መጥቶም ወደ ቶማስ ዞረ፤ የጠየቀውን አንድ በአንድ መለሰለት። «ያላመንህ አትሁን» ያለው ቁስሉን እንዲነካ ከጋበዘው በኋላ ነው። ቶማስም «ጌታዬ አምላኬም» አለ። በወንጌሉ ውስጥ ከዚህ የጠለቀ ምስክርነት ከሰው አፍ የወጣ አይመስለኝም።

«ሳያዩ የሚያምኑ ብፁዓን ናቸው ተብሏል እኮ» የሚለኝ አይጠፋም። ተብሏል፤ እኔም አምንበታለሁ። ግን ሳናይ እመኑ የተባልነው ዝም ብለን አይደለም። ዮሐንስ ወዲያው ቀጥሎ እነዚህ ምልክቶች የተጻፉት ታምኑ ዘንድ ነው ይላል። ያዩ ሰዎች መስክረውልናል። ምስክርነትን ደግሞ ማመዛዘን ይቻላል። የቤርያ ከተማ ሰዎች ሐዋርያው ጳውሎስ ሲሰብክላቸው «ነገሩ እንደዚህ ይሆንን?» እያሉ ዕለት ዕለት መጻሕፍትን ይመረምሩ ነበር። በዚህም ልበ ሰፊ ተብለው ተመሰገኑ እንጂ አልተወቀሱም።

ይሄን የምለው ለጨዋታ አይደለም። «ጌታ ነግሮኛል» ብሎ ገንዘብ የሚሰበስብ አለ። ታማሚን «መድኃኒትህን ጣል» የሚል አለ። መጠየቅ ኃጢአት ነው ተብሎ ያደገ ሰው እንዲህ ዓይነቱን በምን ይለየዋል? መንፈስን ሁሉ አትመኑ፣ መርምሩ የሚል ትእዛዝ እያለን፣ የሚመረምረውን ልጅ ለምን እንደምናሸማቅቀው አይገባኝም። አእምሮን የሰጠን ማን ሆነና?

ሙስሊም ወዳጆቼም ይህን ያውቁታል። በቁርኣን ኢብራሂም (አብርሃም) ሙታንን እንዴት እንደምታስነሳ አሳየኝ ብሎ ጌታውን ጠይቋል። አላመንክምን ሲባል፣ አምኛለሁ፣ ግን ልቤ እንዲረጋ ነው አለ። ጌታውም አልተቆጣውም፤ አሳየው። ታላቁ የእስልምና ሊቅ አል ገዛሊም በከባድ ጥርጣሬ ውስጥ አልፏል። በ1095 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. የባግዳዱን የከበረ መምህርነቱን ትቶ መንገድ የወጣውም፣ የሚያስተምረውን በእውነት መኖሩን ራሱን ከጠየቀ በኋላ ነው።

አንዳንዱ ጥያቄ ደግሞ በስምንት ቀን አይመለስም። ይሄን መደበቅ አልፈልግም። በሕንድ ድሆችን ያገለገሉት የካቶሊክ መነኩሲት ማዘር ቴሬዛ ካረፉ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2007 እ.ኤ.አ. የወጡት ደብዳቤዎቻቸው ለብዙ አሠርት ዓመታት እግዚአብሔር የራቃቸው ያህል ይሰማቸው እንደነበር ያሳያሉ። ይጸልያሉ፣ ልባቸው ግን ባዶ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ የሚሞቱትን ማንሳታቸውን አላቆሙም። ቤተ ክርስቲያናቸው ደብዳቤዎቹን ካነበበች በኋላ በ2016 እ.ኤ.አ. ቅድስት አለቻቸው። ጨለማው እምነት የለሽ አላደረጋቸውም።

እናም ወዳጄ፣ ጥያቄህን ይዘህ ና። ከቤት አትውጣ። አንቺም እንደዚያው። ለሚያምኑት ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። በዚህ በዓል ልጃችሁ፣ እህታችሁ ወይም ጓደኛችሁ የሚከብድ ነገር ከጠየቃችሁ አትደንግጡ። የምታውቁትን ንገሩት። የማታውቁትን «አላውቅም፣ አብረን እንፈልግ» በሉት። በሚቀጥለው እሑድ፣ በዳግማ ትንሣኤ፣ የቶማስ ታሪክ ሲነበብም አጠገባችሁ እንዲቀመጥ ጋብዙት።

መልካም በዓል!