የሳንቶሪኒ ገደል ከታች ወደ ላይ ሲነበብ

ከአቴንስ ወደብ ከፒሬየስ ስምንት ሰዓት ያህል የተጓዘው መርከብ የግሪኳን ደሴት የሳንቶሪኒን አቲኒዮስ ወደብ ሲጠጋ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ስልኩን ገደሉ አናት ላይ ወደተደረደሩት ነጫጭ ቤቶች ያነሳል። እኔን የያዘኝ የወደቡ አለት ነው። ግራጫ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ በስሱ የሚላጥ፣ እሳተ ገሞራው ከመምጣቱ በፊት የነበረ የደሴቲቱ መሠረት ነው። 567 ሜትር ከፍታ ያለው ፕሮፊቲስ ኢሊያስ ተራራም የኖራ ድንጋይና እብነ በረድ ነው። እሳተ ገሞራው የተቆለለው በዚህ የቆየ ደሴት ጎን ላይ ነው።

ገደሉ አናት ላይ ወዳለችው ከተማ ወደ ፊራ የሚወጣውን አውቶቡስና ግፊያውን ልዝለለው።

ገደሉን ለማየት በማለዳ መነሳት ትርፉ ጥላ ነው፤ የፊራ ግድግዳ ወደ ምዕራብ ስለሚመለከት ፀሐይ የሚያገኘው ከቀትር በኋላ ነው። ወደ አሮጌው ወደብ 600 የማይሞሉ ደረጃዎች አሉ። በእግር ወርዶ በኬብል መኪና መመለስ ይሻላል። ድንጋዩ በበቅሎና በአህያ ኮቴ ተልጎ ሙልጭልጭ ሆኗል፣ ፋንድያውም አለ፤ ሶሉ ያለቀ ጫማ ያስወድቃል።

ከታች ጥቁርና ቀይ የላቫ ንብርብሮች፣ በመካከላቸው የቀደሙ ፍንዳታዎች አመድ፣ አናቱ ላይ ነጩ። ነጩ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 አካባቢ የፈነዳው ነው። መጀመሪያ እንደ በረዶ የዘነበው ፑሚስ፣ ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ፊራ አጠገብ 6 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ አዳማ አካባቢ ብሎኬት የሚሠራበትን የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይለየዋል። ከላዩ ያለው አመድ ሞገድ የመሰለ መስመር አለው፤ ውሃ ወደ እሳተ ገሞራው አፍ ስለገባ ነው። ሦስተኛው ንብርብር እንዲህ ያለ መስመር የለውም፤ ጭቃ የመሰለ፣ ግዙፍ ቋጥኞች የተሰገሰጉበት፣ አንዳንድ ቦታ እስከ 55 ሜትር የሚወፍር ክምር ነው። ይህን ሁሉ በደንብ የሚያሳየው ከፊራ በስተ ደቡብ ያለው የተተወ የፑሚስ ማውጫ ነው። ከዚህች ደሴት የተቆፈረ አመድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለስዊዝ ቦይ ግንባታ ሲሚንቶ ሆኗል። ግድግዳው ልል ስለሆነ ሥሩ መቆም አይገባም።

የጀልባው አስጎብኚ «ተራራው ፈንድቶ ወደ ሰማይ በረረ» ሲል ሰማሁ፤ ያበሳጨኝ ይኸው ነው። አልበረረም፣ ሰመጠ። እህሉ የወጣለት ጉድጓድ ጣሪያው እንደሚደረመስ፣ ከሥር ያለው ቅልጥ አለት ተተፍቶ ሲያልቅ የላዩ መሬት ወደ ባዶው ወረደ። ያውም የመጀመሪያው አይደለም፤ ከ22 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በሌላ ፍንዳታ ሰምጦ ነበር፣ ከዚያም በፊት እንዲሁ። በነጩ ክምር ውስጥ የተገኙ የጥልቀት የለሽ ውሃ ደቃቅ ሕይወት የገነባቸው ድንጋዮች፣ ከፍንዳታው በፊት እዚያ ትንሽ የባሕር ወሽመጥ እንደነበረ ያስረዳሉ።

የእኛው ሻላም ካልዴራ፣ ማለትም እንዲህ የሰመጠ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ፣ ውስጥ የተኛ፣ 266 ሜትር የሚጠልቅ ሐይቅ ነው፤ የሞላው ግን ዝናብና ወንዝ ነው። እዚህ የሞላው ባሕር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የባሕር ወለል ጥናት እንዳሳየው፣ በኢያ መንደርና በቲራሲያ ደሴት መካከል ያለው ሰሜን ምዕራባዊ በር ተሰብሮ ውሃው ሲገባ ገንዳው ከሁለት ቀን ባነሰ ጊዜ ሳይሞላ አልቀረም። ሰሜናዊው ጉድጓድ 390 ሜትር ገደማ ይጠልቃል፤ ደቡባዊው 300 እንኳ አይሞላም።

ገንዳው መካከል ላይ ያለችው ደሴት ኔያ ካሜኒ እ.ኤ.አ. ከ1707 ጀምሮ እስከ 1950 ድረስ በየጊዜው በፈሰሰ ላቫ ያደገች ናት። ላቫው እንደ ጠርሙስ ስባሪ ይቆርጣል፣ ጥላ የሚባል የለም፤ ውሃ ካልያዙ ይፀጸታሉ። በአውሮፓ በጋ የሰሜኑ ነፋስ ሲበረታ ጀልባው ስለሚቀር የመጨረሻ ቀን ላይ አያስቀምጡት።

ወደ አሞርጎስ ደሴት የሚሄደው መርከብ የሚያቋርጠው አኒድሮስ የተባለው ገንዳ ግን ዘሩ ሌላ ነው። አልተደረመሰም፤ እንደ ስምጥ ሸለቆአችን መሬቱ ተወጥሮ በስንጥቆች መካከል ቀስ እያለ የወረደ ነው። የ1956ቱ ታላቅ ርዕደ መሬትና ሱናሚ የተነሱት በዚሁ አካባቢ ነው፤ በ2025 መጀመሪያ ሺዎችን ከሳንቶሪኒ ያስወጣው መንቀጥቀጥም ከዚያው ነው፣ የትልቁ መጠን 5.3። በዚሁ መስመር ላይ፣ ከደሴቲቱ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በ1650 ፈንድቶ ጋዙ ሰውና ከብት የፈጀው የባሕር ሥር እሳተ ገሞራ ኮሉምቦ አለ። የአፉ ጠርዝ ከባሕሩ ገጽ 20 ሜትር እንኳ አይርቅም፣ የአፉ ወለል ግን 500 ሜትር ይወርዳል። ከመርከቡ ላይ የሚታየው ሰማያዊ ውሃ ብቻ ነው።