አሳዳጊው ቤት ወደ አያቶች ደጅ ሲሄድ

በሐረር ከተማ ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ለረጅም ዓመታት ሲያሳድግ የኖረ አንድ ተቋም ዛሬ ሥራውን በአብዛኛው የሚሠራው ከግቢው ውጭ ነው፤ ለውጡንም በሙሉ ልቤ እደግፈዋለሁ። በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን ራሳቸው ለማሳደግ በቅተዋል፤ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ልጆችን ለውጭ አገር ዜጎች በጉዲፈቻ መስጠት በሕግ ስለተከለከለ፣ ዘመድና አሳዳጊ ቤተሰብ እዚሁ አገር ቤት መፈለግ ግድ ሆኗል።

በቅርቡ ሸዋ በር አካባቢ የባቢሌ ለውዝ በጣሳ እየሰፈሩ የሚሸጡ አንዲት አያት አገኘሁ። የንግዳቸውን መነሻ ገንዘብ የሰጣቸው ይኸው ተቋም ሲሆን፣ የልጅ ልጆቻቸው ወደ ማሳደጊያው ሳይገቡ ከእርሳቸው ጋር ያድጋሉ። የማኅበራዊ ሠራተኛዋ «እማማ፣ ትንሹ ከትምህርት ቤት አልቀረም?» ብላ ስትጠይቃቸው፣ «ምን ሲደረግ ልጄ!» አሉና ደብተሩን ከጆንያው ሥር አውጥተው አሳዩዋት።

ሆኖም የሚሰበስበው ዘመድ የሌለው ልጅ ዛሬም ስላለ፣ ግቢው ፈጽሞ ይዘጋ የሚሉትን አልቀበልም። ከሁሉ በላይ የሚያሳስቡኝ 18 ዓመት ሞልቷቸው የሚወጡት ወጣቶች ናቸው፤ ተቋሙ ሙያ አስተምሯቸው የመጀመሪያዎቹን ወራት የቤት ኪራይ መሸፈን መጀመሩ ተገቢ ነው።