ጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን፦ በአንድ ዲግሪ ሁለት ሙያ

የአክስቴ ልጅ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርቷን ጨርሳ ለዕረፍት ብቸና ቤተሰቦቿ ዘንድ ናት። ባለፈው ሳምንት ደውላ «እታለም፣ ዲፓርትመንት ስንመርጥ ጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽንን አንደኛ ብዬ ልሙላ ወይስ ይቅርብኝ? ሥራ አለው?» ስትል ጠየቀችኝ። በስልክ የመለስኩላት አጭር ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ያ መልስ ለእርሷም ሆነ በእርሷ ዕድሜ ላሉ የአገራችን ልጆች እንደማይበቃ ስለተሰማኝ፣ ከራሴ የተማሪነትና የሥራ ዘመን ያየሁትን ዘርዘር አድርጌ ልጽፈው ወሰንኩ።

ሥራ አለው፤ ነገር ግን ብዙው ሥራ እርሷ በልቧ የያዘችው ዓይነት አይደለም። የትምህርት ክፍሉ ስም ሁለት ሙያዎችን በአንድ ጣሪያ ሥር የያዘ ሲሆን፣ ሁለቱ በመሣሪያና በክህሎት ቢመሳሰሉም የሚቆሙለት ወገን ይለያያል። ጋዜጠኛ ታማኝነቱ ለአንባቢና ለአድማጭ ነው፤ ባለሥልጣኑን የማይመቸውን ጥያቄ የሚጠይቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ደግሞ የሚቀጠረው ለአንድ ተቋም ነው፤ የተቋሙን ሥራ ለሕዝብ ያስተዋውቃል፣ የሕዝቡንም ቅሬታ ወደ ተቋሙ ያደርሳል፣ ወይም ማድረስ ይገባዋል። ባሕር ዳር ስማር ይህን ልዩነት ለፈተና አጥንቼው ነበር። ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን ተመርቄ በአንድ ወረዳ የኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት በጀማሪ ባለሙያነት ከተቀጠርኩ በኋላ ነው።

በጎጃም ለጋዜጠኛ የሚሆን ቦታ ጨርሶ የለም ማለቴ አይደለም። በኩር ጋዜጣ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ የምትዘጋጀው ባሕር ዳር ነው፤ የምታዘጋጃት ድርጅት፣ የዛሬው አማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን፣ ቴሌቪዥንም ሬዲዮም አለው። ሆኖም በየዓመቱ የሚመረቀው ተማሪ ቁጥርና በዜና ክፍሎች የሚከፈተው የሥራ መደብ አይመጣጠንም። በአንጻሩ እያንዳንዱ ዞንና ወረዳ የኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት አለው፤ ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ያሉት ዩኒቨርሲቲዎች፣ ሆስፒታሎች፣ ባንኮች፣ የኅብረት ሥራ ዩኒየኖችና ግብረ ሰናይ ድርጅቶችም የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ይቀጥራሉ። አብረውኝ ከተመረቁት ልጆች ዛሬም የምገናኛቸው አብዛኞቹ የሚሠሩት በዚህ በሁለተኛው ወገን ነው። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ተማሪ ትምህርቱን በሌላ ዓይን ይከታተላል፤ ሳያውቅ የተመረቀው ግን ወረዳ ሲመደብ ከሙያው የወደቀ ይመስለዋል።

እኔም መስሎኝ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሥራዬ በአብዛኛው ስብሰባ መዘገብ ነበር፤ የጻፍኳቸውን ዜናዎች ዛሬ መልሼ ሳነባቸው ሁሉም «ተገለጸ»፣ «ተጠቆመ»፣ «ተመላከተ» እያሉ ያበቃሉ። ስለ ቋንቋው ትንሽ ልቆይበት፤ ምክንያቱም በዩኒቨርሲቲ ያልተነገረኝና ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገኝ ነገር እዚህ ላይ ነበር። ትምህርቱ በአመዛኙ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። የተገለበጠ ፒራሚድ የሚባለውን የዜና አወቃቀር፣ ማለትም ዋናውን ነገር ከላይ አስቀምጦ ዝርዝሩን ወደ ታች የማውረድን ዘዴ፣ የተማርነው በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ነው። በእንግሊዝኛ ግሡ ባለቤቱን ተከትሎ ስለሚመጣ አድማጩ ማን ምን እንዳደረገ ገና ከመነሻው ያውቀዋል። በአማርኛ ግሡ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ የዜናውን መግቢያ በኃላፊው ማዕረግና ስም ጀምረን፣ የተቋሙንና የመርሐ ግብሩን ስም አስከትለን፣ ሦስት አራት ንዑስ ሐረግ ደርድረን «መሆኑን ገለጹ» ብለን ስንዘጋ፣ ፒራሚዱን ገለበጥነው ስንል መልሰን እናቆመዋለን፤ ሬዲዮ የሚያዳምጠው ገበሬ ቁም ነገሩ ላይ ሳይደርስ በሬውን ሊፈታ ይነሣል።

አንድ ምሳሌ ላንሣ። ማዳበሪያ ወደ ወረዳው በገባ ጊዜ የጻፍኩት ዜና የጽሕፈት ቤቱን ኃላፊ ስም፣ የምርት ዘመኑን፣ የቀረበውን መጠን በኩንታልና የተሰጠውን ትኩረት በአንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር የያዘ ነበር። በማግስቱ አባቴ ደውለው «ልጄ፣ ማዳበሪያ ገባ ስትሉ ሰማን፤ ማኅበራችን የሚደርሰው መቼ ነው? ኩንታሉስ ስንት ብር ነው?» አሉኝ። ሁለቱም መልሶች በማስታወሻዬ ውስጥ ነበሩ። ወደ ዜናው ያላስገባኋቸው ኃላፊው ስለ እነርሱ ትንሽ፣ ስለ ዕቅዱ አፈጻጸም ግን ብዙ ስለተናገሩ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ነገር ስጽፍ አስቀድሜ የማስበው አባቴ ምን ብለው እንደሚደውሉ ነው።

አጎቴ በዋሸራ፣ በታወቀው የጎጃም የቅኔ ጉባኤ ቤት፣ ቅኔ የቆጠሩ ሰው ናቸው። ዜና ሲያዳምጡ ቆይተው «ይህ ተገለጸ የምትሉት ማን ገለጠው?» ብለው ጠየቁኝ። ሰው ጎጃምንና ቅኔን ሲያነሣ ቶሎ የሚመጣለት ሰምና ወርቁ፣ የተሰወረው ምሥጢር ነው። አጎቴ ያነሡልኝ ግን ሌላ ነገር ነበር። የቅኔ ተማሪ ጉባኤ ቃናውን፣ ማለትም ባለ ሁለት ቤቱን አጭር ቅኔ፣ ሌሊት ሲያወጣ ሲያወርድ አድሮ በየኔታ ፊት ይነግራል፤ ቤቱ ካልመታ፣ ምሥጢሩ ካልገጠመ ታርሞ ይመለሳል፤ አንድ ቅኔ ከጉባኤው ወጥቶ በሌላ አገር ሲጠቀስም የማን ቅኔ እንደሆነ አብሮ ይጠየቃል። ባለቅኔ ወርቁን ቢሰውር ራሱን አይሰውርም። የእኛ «ተገለጸ» ግን ተናጋሪውን ደብቆ ንግግሩን ብቻ ያስቀራል፤ ነገሩ ውሸት ሆኖ ቢገኝ የሚጠየቅ ሰው የለም። ማንነቱ ያልታወቀ ምንጭ የተናገረውን እንዳንቀበል በክፍል ውስጥ ተምረን ነበር፤ ያን ትምህርት ከአማርኛ ሰዋስው ጋር አገናኝተው ያስረዱኝ ግን አጎቴ ናቸው።

ከኮርሶቹ ሁሉ ወረዳ ላይ ዋጋውን ያየሁት የሚዲያ ሕግ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 የቅድሚያ ምርመራን (ሳንሱርን) ከመከልከሉም በላይ የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት ዕድልን ያረጋግጣል፤ አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ መረጃ የተጠየቀ የመንግሥት አካል በ30 ቀናት ውስጥ ምላሽ እንዲሰጥ ያዝዛል። ለመንገድ ሥራ መሬታቸው የተወሰደባቸው አንድ አባት የካሳ ስሌቱን ለማየት ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተቱ ቆይተው ወደ እኛ መጡ። ማመልከቻውን አዋጁን ጠቅሼ አብሬያቸው ጻፍኩ። ባልደረቦቼ መሥሪያ ቤታችንን ከሌላው መሥሪያ ቤት ጋር ታጣያለሽ ብለው ፈሩ። ቀነ ገደቡ ከማለፉ በፊት የስሌቱ ግማሽ ተሰጣቸው፤ ቀሪውን ለማግኘት እኔ ከዚያ እስክለቅ ድረስ ይመላለሱ ነበር። የኮሙኒኬሽን ባለሙያ ለተቋሙ የሚጠቅመው በሩን ለሕዝብ ሲከፍት እንጂ ሲዘጋ እንዳልሆነ አምናለሁ፤ ይህን ለማስረዳት ግን ሕጉን በቁጥሩ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሁለት ዓመት ሠርቼ ወደ ሬዲዮ ተዛወርኩ። በዚያ በኩል ያለው ፈተና ሌላ ነው። ዘጋቢ ስብሰባ ሲሄድ አበሉን የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ጋባዡ ተቋም ነው፤ አበል በከፈለው ተቋም ላይ ጠንካራ ጥያቄ ማንሣት ምን ያህል እንደሚከብድ በሥራው ያለፈ ያውቀዋል። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልላችን ግጭቱ በርትቶ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት በተቋረጠበት ጊዜ ሰው የዘመዱን ደኅንነት የሚያጣራው ከመንገደኛ በሚሰማው ወሬ ነበር። አንድ ስም በስሕተት ቢነገር አንድ ቤት ለቅሶ ይቀመጣል። «አጣሩ» የሚለው የመምህራኖቻችን ቃል ያን ያህል ከብዶ ተሰምቶኝ አያውቅም።

ለአክስቴ ልጅ የምጨምራቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ለመያዝ የመውጫ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት ግድ ሆኗል፤ ስለዚህ የንድፈ ሐሳብ ኮርሶችን መናቅ አያዋጣም። ነገር ግን በቅጥር ጊዜ የሚፈልጉት የሠራችውን ሥራ ነው፤ ድምፅ መቅረጽና ማስተካከል፣ በስልክ ቪዲዮ አንሥቶ ማሳጠር፣ ከሁሉ በፊትም ንጹሕ አማርኛ መጻፍ። ከተቻላት ከጋዜጠኝነት ውጭ አንድ ዕውቀት ጠለቅ አድርጋ ትያዝ፤ ግብርና ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ስለ ጤፍ በሽታና ስለ መሬት አሲዳማነት ጠይቆ የሚረዳ ጋዜጠኛ በእኛ አገር ሞልቶ አልተረፈም።

በስልክ ያቀረብኩላት ሐሳብ አንድ ብቻ ነበር፤ በገበያ ቀን ወጥታ የጤፍን ዋጋ ከሦስት ሻጮች ጠይቃ እናቷ በአንድ ንባብ በሚገባት አማርኛ እንድትጽፍልኝ። ትናንት በቴሌግራም ላከችልኝ። ዋጋው በመጀመሪያው መስመር ላይ አለ፤ ካለፈው ገበያ ለምን እንደጨመረ በሁለተኛው። ከሥር ግን «ከገበያው እንደተገለጸው» የሚል ሐረግ አየሁ። ደውዬ «ማን ነው የነገረሽ?» አልኳት። «አንዲት እናት ናቸው፤ ስማቸውን አልጠየቅኋቸውም» አለችኝ። በሚመጣው ገበያ ሄዳ ልትጠይቃቸው ነው።